የወይዘሮ የሺመቤት አስወጋጅ ኮሚቴ

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በውጭ አገርም ቢሆን። ስለዚህ የአሌክሳንድሪያው እድር ሊቀ መንበር ደምሴ፣ ከባልንጀራው ከጌጡ ጋር፣ በጌጡ ታክሲ ማልደው ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጡ። የስቱዲዮዬን በር ሲያንኳኩ በመስታወቱ አየኋቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ገና በሩን ሳልከፍት ነገሩ ገባኝ።

«ማን ነው?» አልኳቸው።

ደምሴ ጌጡን አየው፤ ጌጡ መሬት መሬቱን አየ።

«ወይዘሮ የሺመቤት» አለ ደምሴ። «ትናንት፣ ልጃቸው ቤት፣ በእንቅልፋቸው።»

ተቀመጥን። እንደ ወጉ ብዙ አልተናገርንም። እኔ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳያቸው አንድ ነገር በልቤ ይመላለስ ነበር፦ እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ መኪና መጥተው አንድ መርዶ ለመናገር የበቁት በማን ሆነና?

ስለ ወይዘሮ የሺመቤት ለመጻፍ ትንሽ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ፤ መናገሩንም አልጠላም። እኔን ፎቶ ማቀናበር ያስተማረኝ ሰው የለም። ክሪስታል ሲቲ ውስጥ ፓርኪንግ ዳስ ተቀምጬ ትኬት እየቆረጥኩ፣ አንድ ደንበኛ ሊጥለው የነበረ ላፕቶፕ ለምኜ ተቀብዬ፣ የፎቶ ማስተካከያውን ፕሮግራም ቁልፍ በቁልፍ እየነካካሁ ብቻዬን ተማርኩት። እንግሊዝኛው አልገባኝ ሲል እጫነውና የሚያደርገውን አያለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሥጋ ቤት በላይ ያለውን ፎቅ ተከራይቼ ስሜን በሩ ላይ የጻፍኩት። ዝናብ የወረደበት ሠርግ ላይ ፀሐይ አውጥቻለሁ። ቪዛ የተከለከለ አባት ከልጁ ጎን አቁሜ፣ ጥላውን ሳሩ ላይ አስተኝቼ፣ የገዛ ሚስቱ «መቼ መጥቶ ነው?» ብላ ጠይቃለች። በዚህ አካባቢ ጥላ እንደኔ የሚያስተኛ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በዚህ ፕሮግራም አንድ ፎቶ የሚቀናበረው ሌየር በሚባሉ ንብርብሮች ነው። አንዱ በሌላው ላይ እንደተነባበረ ንጹሕ መስታወት ቁጠሩት። ሙሽራው አንዱ ላይ፣ ሙሽራዋ ሌላው ላይ፣ ሰማዩ ሌላው ላይ አለ፤ ከላይ ሲያዩት ግን አንድ ፎቶ ነው። ከእያንዳንዱ ሌየር ጎን ትንሽ የዓይን ምልክት አለች። ዓይኗን ሲጨፍኗት ሌየሩ ከእይታ ይሰወራል፤ ሲገልጧት ይመለሳል። ስም ካልሰጡት ፕሮግራሙ ራሱ «ሌየር አንድ፣ ሌየር ሁለት» እያለ ይጠራዋል። የእኔ ሥራዎች በእንዲህ ያለ ስም የተሞሉ ነበሩ። እኔ ሁሉንም በጭንቅላቴ ስለማውቀው ግድ አልነበረኝም።

ወይዘሮ የሺመቤት የመጡት የፓስፖርት ፎቶ ሊነሡ ነው። አጠር ያሉ፣ ወገባቸው እንደ ማስመሪያ የቀና፣ በበጋ ሹራብ ትከሻቸው ላይ ጣል የሚያደርጉ፣ እርሳስ ከጸጉራቸው የማይለይ ሴት ነበሩ። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ ወጥተው፣ የልጃቸውን ልጆች ለማሳደግ መጡ። የልጅ ልጆቹ አድገው «ኦኬ ግራንማ» ማለት ሲጀምሩ ቤቱ ውስጥ የሚታዘዛቸው ሰው አልቆ ነበር።

ካሜራው ፊት አስቀምጫቸው «ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አልኳቸው።

«መንግሥት ፊት ፈገግ አይባልም» አሉኝ።

ፎቶው እስኪታተም ሲጠብቁ እኔ ስክሪኑ ላይ የሌላ ደንበኛ ሥራ እፈልግ ነበር። ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ምን ጠፍቶ ነው?»

«የሙሽራዋ አክስት።»

«ስሟ ማን ነው?»

«ስሟን እኔ ምን አውቃለሁ? ሌየሯን ነው የምፈልገው።»

«እኮ፣ የሌየሯ ስም?»

«ሌየር አርባ ኮፒ ኮፒ ይመስለኛል።»

መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይህን ያየ ሚኒስትር ደመወዝዎን ይቆርጥ ነበር» አሉ።

«እኔ አለቃ የለኝም!» አልኩ፤ ኮራ ብዬ።

«አዎ፣ ያስታውቃል።»

ሰኞ ጠዋት የራሳቸውን ትራስ በብብታቸው ይዘው ተመለሱ። ሠራተኛ እንደማልፈልግ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሥራ እንደማይፈልጉ ነገሩኝና ትራሱን ወንበሩ ላይ አስተካክለው ተቀመጡ። «ስም የሌለው ነገር ጠፍቷል ማለት ነው» አሉኝ፤ «ገና ስላልተፈለገ ነው የማይታወቀው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ሌየር ስም ተሰጠው። የአንድ ሰው የሆነው ሁሉ በአንድ ፎልደር ይገባል፤ በፎልደሩ ላይ ስም ከነአባት ይጻፋል። እኔ የኮምፒውተሩን አይጤ እይዛለሁ፣ እሳቸው ከኋላ ያዛሉ። በእርሳሳቸው ጀርባ ስክሪኑን ይጠቁማሉ፤ ቆሻሻ ባዩ ቁጥር ነካ፣ ነካ ያደርጉታል። ስክሪኔ በሙሉ ነጠብጣብ ሆኖ ነበር። ለዓመታት አንቱ ተባብለን ሠራን፤ አንድም ቀን አልተስማማንም፤ አንድም ሥራ ግን ከዚያ በኋላ አልጠፋብኝም።

ስም መስጠቱን ቻልኩት። ያስቸገረኝ ማጥፋቱ ነው። እኔ የማያስፈልግ ሌየር ሳይ አንድ ቁልፍ ተጭኜ እገላገላለሁ። እሳቸው ግን ክንዴን ያዙኝ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ላጠፋው ነዋ፤ ቆሻሻ ነው።»

«ብቻዎን? እኛ መሥሪያ ቤት የተሰበረ ወንበር እንኳ በአንድ ሰው ቃል አይወገድም። ኮሚቴ ይቀመጣል። ሦስት ሰው!»

«እዚህ እኮ ሁለት ነን፣ ወይዘሮ የሺመቤት።»

ወደ ደረጃው ሄደው ወደ ታች ተጣሩ። ሥጋ ቆራጩ ዘውዱ ቢላውን እንደያዘ፣ ነጭ ሽርጡ ደም እንደነካው ወጣ። በዚያው የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሦስተኛ አባል ሆኖ ተሾመ። ደንቡ ይህ ነበር፤ እሳቸው የሌየሩን ስም ጮክ ብለው ያነባሉ፤ «ይወገድ?» ይላሉ፤ ሦስታችንም «ይወገድ» ካልን እኔ አጠፋለሁ። አንዳችን «ይቆይ» ካለ ሌየሩ ዓይኑ ተጨፍኖ ይቀመጣል።

«ጨረቃ፣ ሙሉ። ጨረቃ፣ ግማሽ። ጨረቃ፣ ደመና የሸፈናት» ብለው አነበቡ አንድ ቀን። «አቶ በላቸው፣ ለአንድ ሠርግ ስንት ጨረቃ ያስፈልጋል?»

«እስክመርጥ ድረስ ነው።»

«ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ክርስትና አስነሥተዋል፤ እርስዎ ጨረቃ እየመረጡ ነው!»

«ይወገድ» አለ ዘውዱ ከበሩ ሳይገባ።

«ሳያዩ?»

«እትዬ፣ ጥብስ የሚጠብቅ ሰው አለብኝ። ጨረቃዋም ትወገድ፣ ፀሐይዋም ትወገድ!»

ቀልድ ይመስለኝ ነበር። የእድሩ ፎቶ እስኪመጣ ድረስ።

የአሌክሳንድሪያው እድር የተመሠረተበትን በዓል ሊያከብር ሲል መሥራቾቹ ሁሉ በአንድ ፎቶ ላይ ሆነው በአዳራሹ ግድግዳ እንዲሰቀሉ ፈለገ። ችግሩ መሥራቾቹ በሕይወታቸው በአንድ ክፍል አብረው ቆመው አያውቁም። አንዱ ሆቴል ሌሊት ያድራል፣ አንዱ ፓርኪንግ ጎሕ ሲቀድ ይገባል፣ አንዱ ታክሲ ላይ ነው። ስብሰባቸው እንኳ ግማሹ ሲገባ ግማሹ የሚወጣበት ነበር። ስለዚህ ደምሴ ወደ እኔ መጣ። ሌላ ማን ጋ ሊሄድ?

አንድ በአንድ ከየሥራቸው ሲወጡ አነሣኋቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት መጋረጃ፣ አንድ ዓይነት መብራት፣ ወለሉ ላይ በፕላስተር ያመለከትኩት አንድ ቦታ ነበራቸው። ዩኒፎርም ለብሶ የመጣውን ኮቴን አለበስኩት፤ ኮቴ በዚያ ፎቶ ላይ በስንት ሰው ጀርባ እንዳለ እኔና ወይዘሮ የሺመቤት ብቻ ነን የምናውቀው። ጌጡና ደምሴ የልብ ጓደኛሞች ስለነበሩ ትከሻ ለትከሻ እንዲሆኑ ፈለግሁ። ደምሴ ግን በጠዋት ተነሥቶ ሄዷል፤ ጌጡ የመጣው ሲመሽ ነው። የኮት መስቀያውን አቁሜ ካፖርት አለበስኩትና «እጅህን እዚህ አሳርፍ፤ ደምሴ ነው በለው» አልኩት። «ውፍረቱ ልክ ነው፣ ጨዋታው ግን ከደምሴ ይሻላል» አለ ጌጡ። በኋላ እጁን ከካፖርቱ ላይ አንሥቼ ደምሴ ትከሻ ላይ አኖርኩት። ከእጁ በታች የምትወድቀዋን ጥላ ለብቻዋ ሌየር ሠራሁላት። ያቺን ጥላ ለማስተኛት ስንት ቀን እንደፈጀሁ አልናገርም፤ ያየ ሰው ይመስክር።

ሁሉም ሲደረደሩ ወይዘሮ የሺመቤት ፎቶውን ትክ ብለው አዩት።

«እርስዎስ የት ነዎት?» አሉኝ።

«አንሺ አይነሣም።»

እርሳሳቸውን ከጸጉራቸው አውጥተው በመጨረሻው ረድፍ ጠርዝ ላይ ነካ አደረጉ። «እዚህ ጋ ቦታ ይተዉ።»

«ለማን?»

«ባዶ መደርደሪያ የሌለው መዝገብ ቤት እንግዳ መቀበል አይችልም።»

የፎቶ ሚዛን እንደሚበላሽ አስረዳሁ። ሰዎቹን አጠጋግቼ ብዘጋው እንደሚያምር አሳየሁ። እንቢ አሉ። ባዶ ሌየር አስከፈቱኝና «ክፍት ቦታ» ብለው አስጻፉኝ። ፕሮግራሙ ባዶ ሌየሮችን በአንድ ጊዜ ጠርጎ የሚያወጣበት መላ አለው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ፎቶ ላይ ልጠቀምበት አልቻልኩም። ይህን ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር ያሳክከኝ ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ እድሩ ተጣላ። የጌጡ ወንድም አዲስ አበባ ሞተ። መርዶው ማክሰኞ ተነገረው፤ እድርተኛው ግን በሥራ ሰዓት ምክንያት ተሰባስቦ ሊያስተዛዝነው የመጣው ቅዳሜ ነው። ጌጡ በሩ ላይ ቆሞ «ሰው ሲሞትብኝ ሺፍት አለኝ አላችሁ?» ብሎ መለሳቸው። እሱን ተከትለው ሌሎችም ቤተሰቦች ወጡ። አዲስ እድር ሊያቋቁሙ ነው ተባለ። እዚህ አገር እድር ሁለት ሲሆን ሁለቱም ይሞታሉ፤ አይተናል። ሰው ሲሞት ማን ለማን ይደውላል?

ደምሴ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ጋሽ በላቸው፣ የወጡትን ያውጡልኝ። ጌጡን በመጀመሪያ።»

እኔ ወዲያው አይጤዬን ያዝኩ። ጌጡን አውጥቼ የቀሩትን አጠጋግቼ ማንም ሳያውቅ ልገጥመው እንደምችል ነገርኩት። እውነቴን ነው፣ እችላለሁ።

«ኮሚቴ ሳይቀመጥ?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት ከወንበራቸው።

«እትዬ፣ ይሄ የእድሩ ጉዳይ ነው» አለ ደምሴ።

«ይሁና። የሚወገደው ግን ሰው ነው። ባለቤቱ ሳይቀርብ አይወገድም።» ስልክ አንሥተው ጌጡ ጋ ደወሉ። «አቶ ጌጡ፣ የሺመቤት ነኝ ከፎቶ ቤቱ። እርስዎ ሊወገዱ ስለሆነ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይቅረቡ» አሉና ዘጉት።

ቅዳሜ ጌጡ መጣ። ታክሲውን በር ላይ አቁሞ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ ከደምሴ ርቆ በር አጠገብ ተቀመጠ። ሰላምታ አልተሰጣጡም። ዘውዱ ከታች ተጠርቶ መጣ። ወይዘሮ የሺመቤት ሹራባቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ቆሙ።

«አቶ ጌጡ፣ ሙሉ አካል» ብለው አነበቡ። «ይወገድ?»

«ይወገድ!» አለ ጌጡ። «ደስ ይበላቸው!»

«አቶ ደምሴ?»

«ይወገድ» አለ ደምሴ፤ ድምፁ ቀነሰ።

«አቶ በላቸው፣ መጀመሪያ ዓይኑን ይጨፍኑት። እንየው።»

ዓይኑን ጨፈንኩት። ጌጡ ከፎቶው ጠፋ። ከደምሴ ጎን ባዶ ሆነ። ደምሴ ትከሻ ላይ ግን አንድ ጥቁር ነገር ቀረ፤ አራት ጣት ከነአውራ ጣቱ።

ደምሴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ይሄ ትከሻዬ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ወይዘሮ የሺመቤት አነበቡ፤ ቀስ ብለው፣ እንደ መዝገብ። «የጌጡ እጅ ጥላ፣ ደምሴ ትከሻ ላይ። ይህ ለብቻው የተመዘገበ ነው። ይወገድ?»

ዘውዱ፣ አንድም ቀን ስክሪን አይቶ የማያውቀው ዘውዱ፣ ቢላውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንገቱን አስግጎ አየ። ቁልፉ በጌጡ ጣት ላይ መሽከርከሩን አቆመ።

«ካፖርት ላይ እኮ ነው እጄን ያስደረጉኝ» አለ ጌጡ በመጨረሻ።

«ድሮም ተንጠልጣይ ነህ» አለ ደምሴ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

«አንተም ድሮም መስቀያ ነህ።»

ዘውዱ ሳቀ፤ ብቻውን ስለሳቀ ደንግጦ ዝም አለ። ከዚያ ጌጡ ወደ መሬት እያየ፣ «ማክሰኞ ነው የሰማሁት» አለ። «ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። በሩ ሲንኳኳ ሁሉ አንተ ነህ እያልኩ እነሣ ነበር። እድሩን አይደለም የጠበቅኩት።»

ደምሴ ሺፍቱን ይጠራል፣ አለቃውን ያማርራል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ሥራውን ጥዬ መምጣት ነበረብኝ» አለ። «አልመጣሁም።»

ጌጡ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ወይዘሮ የሺመቤት ግን ኮሚቴውን አልበተኑም። እንባ የመጣባቸው እንኳ አልመሰሉም። «ውሳኔ እየተጠበቀ ነው» አሉ። «የእጁ ጥላ ይወገድ ወይስ ይቆይ?»

«ይቆይ» አለ ደምሴ።

«ባለቤቱ?»

«ጥላው ብቻውን ምን ይሠራል?» አለ ጌጡ። «እኔም ልቆይ።»

«ይቆይ!» አለ ዘውዱ፤ ከሁሉም በላይ ጮኸ።

የዓይኗን ምልክት ነካሁ። ጌጡ ተመለሰ፤ እጁ ጥላዋ ላይ ልክክ ብላ ገባች። ሥራዬ ነውና ልበለው፦ አንድ ፀጉር ታህል አላፈነገጠችም። ሲወጡ ደምሴ በጌጡ ታክሲ ሄደ። ጌጡን ተከትለው ከእድሩ የወጡትም አንድ በአንድ እየቀረቡ «እቆያለሁ» አሉ፤ ወይዘሮ የሺመቤት የሁሉንም ስም ከነአባቱ ጮክ ብለው አንብበውላቸዋል። ፎቶው ተሰቀለ። በበዓሉ ዕለት ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ «ይሄን ቀን የት ተሰብስበን ነው የተነሣነው?» ሲባባል እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልፈልግም። ወይዘሮ የሺመቤት ክንዴን ነካ አድርገው «ሥራዎ ጥሩ ነው» አሉኝ። በዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀጥለው ደግሞ «አሁን ስም ስላለው» አሉ።

እንግዲህ እሳቸው ናቸው ያረፉት።

ከቀብሩ በኋላ ደምሴና ጌጡ ዘውዱን ይዘው ስቱዲዮ መጡ። ዘውዱ ሥጋ ቤቱን ትቶ ጡረታ ወጥቷል፤ ያለ ሽርጥ ሳየው ሌላ ሰው መሰለኝ። እድሩ ወስኗል፤ ወይዘሮ የሺመቤት አባል ባይሆኑም ከመሥራቾቹ ጋር ይሰቀላሉ። «ቦታ ይኖራል?» አለኝ ደምሴ።

እኔም ኮምፒውተሩም ተለውጠናል። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ መነጽር ላይ መነጽር ነው። ያንን ሥራ ስከፍተው ግን ሁሉም እንደተቀመጠ ነው፤ ሰው በሰው፣ ፎልደር በፎልደር፣ ስም ከነአባት። «ክፍት ቦታ» የሚለውም በመጨረሻው ረድፍ ጠርዝ ላይ ይጠብቃል። የእሳቸው ፎቶ እኔ ጋ ያለው ያ የመጀመሪያው ቀን የፓስፖርት ፎቶ ብቻ ነው። ከትከሻ በላይ ነው፤ ለኋላ ረድፍ ደግሞ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። መጋረጃውን አነሣሁ፣ መብራቱን አስተካከልኩ፣ ጥላቸውን ከኋላቸው ግድግዳ ላይ አስተኛሁ። ፈገግ አላሰኘኋቸውም። እችል ነበር።

ፎልደሩ ላይ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍኩና ዞርኩ። እንደ ደንቡ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ይግባ?»

«ይግባ» አለ ደምሴ። «ይግባ» አለ ጌጡ። ዘውዱ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ በደንብ አይቶ ነው «ይግባ» ያለው።

ከዚያ የኋላውን ረድፍ በሙሉ ትንሽ ትንሽ ወደ ግራ ገፋሁት። ከወይዘሮ የሺመቤት ጎን የአንድ ሰው ትከሻ የሚያህል ቦታ ተከፈተ። አዲስ ባዶ ሌየር ሠርቼ የድሮውን ስም፣ «ክፍት ቦታ» ብዬ ጻፍኩበት።

ደምሴ መነጽሩን አደረገ። «ጋሽ በላቸው፣ እዚህ ጋ ባዶ ቀረ። አይዘጋም እንዴ?»

«ባለቤቱ ሳይቀርብ አይዘጋም» አልኩት።